ያልተጠራችው ባለድርሻ

ሰሞኑን «የባለድርሻ አካላት ምክክር» ላይ ተጠርቼ ነበር። የምግብ ንጽህና መመሪያ ሊሻሻል ነውና ረቂቁን፣ «አማርኛውን እይልን» ተብዬ። ሕግስ አላጣንም፤ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 200 ወጣ፣ በ2002 ቁጥር 661፣ እሱንም በ2011 በቁጥር 1112 ተካነው።

አዳራሹ ውስጥ ሆቴሉም፣ ፋብሪካውም፣ አስመጪውም ነበሩ። ለሰፈራችን እንጀራ የምትጋግረው ሴት ግን አልነበረችም። ማታ እንጀራ ልገዛ ጎራ ስል ረቂቁን አነበብኩላት። «እጅን በሚፈስ ውሃ መታጠብ» የሚለው ላይ ስደርስ፣

«ጋሼ፣ ውሃ እኮ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። መመሪያው ውሃ ይዞ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ሳቄ ግን አልቆየም። አምና ልጄን ታይፎይድ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሏት ነበር፤ ከየትኛው ቤት ምግብ እንደያዛት እስከ ዛሬ አላወቅንም። ስለዚህ መመሪያው ይላላ ለማለት አፌን አልሞላም። ውሃ በሌለበት መቅጣት ግን ጋጋሪዋን ከመንገድ ዳር ወደ ጓሮ ይሸሽጋታል እንጂ እጇን አያጥብላትም። ያኔ ደግሞ የሚያያት ተቆጣጣሪም አይኖርም።

ረቂቁን አርሜ ስመልስ ጠርዙ ላይ አንዲት መስመር ጨመርኩ፦ «ተቆጣጣሪው ከመምጣቱ በፊት ውሃው ይምጣ።» የሰዋስው እርማት እንዳልሆነች ይገባቸዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።