ወፏና አበባዋ በአንድ ወረቀት ላይ

(ማቴዎስ 6፥25-34)

ጌታ ኢየሱስ ስለ ጭንቀት ሲያስተምር ሁለት ነገሮችን እንድንመለከት ነገረን፤ የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን። ወፏ ስትበር ትውላለች፤ አበባዋ ግን ከበቀለችበት ንቅንቅ አትልም። ሁለቱን ለምን ጎን ለጎን እንዳነሣቸው ይበልጥ ያስተዋልነው ሥዕል ስንስል ነው።

በሜሪላንድ የምንኖር ጥቂት እህቶች ነን። ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ በውሃ ቀለም እንስላለን። ዘንድሮ የመረጥነው በጓሮ ቀይ አበባ ፊት በአየር ላይ የምትቆመውን ሃሚንግበርድ ነው። ክብደቷ 3 ግራም ገደማ ነው። ክንፏን በሰከንድ ወደ 50 ጊዜ እያርገበገበች፣ ከአበባዋ ፊት ሳትርቅ ወለላውን ትቀስማለች።

አበባዋን፣ የወፏን ዓይንና ምንቃር ጥርት አድርገን እንስላለን። ክንፏ ላይ ስንደርስ ግን ወረቀቱን በውሃ አርሰን ቀጠን ያለ ቀለም እናሳርፍበታለን፤ ቀለሙ ራሱ ይሰራጫል፣ ጠርዙም ይጠፋል። እያንዳንዱን ላባ ለይተን ብንስል ወፏ መብረሯ ይቀራል፤ የደረቀች ትመስላለች።

ከመካከላችን አንዷ ሁለት ሥራ አላት፤ ማታ ስትገባ ልጆቿ ተኝተዋል። ሌላዋ የመኖሪያ ወረቀቷን ስትጠብቅ ዓመታት አልፈዋል፤ ሥራ መሥራትም አልተፈቀደላትም። “ታድለሽ፣ አንቺ እንኳ ታርፊያለሽ” ትላታለች የምትሮጠው። “ታድለሽ፣ አንቺ እንኳ የምትሄጂበት አለሽ” ትላለች የምትጠብቀው።

ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አበባዋ ባትኖር ወፏ በዚያ የምትቆምበት ምክንያት የላትም። ወፏም ከአበባ ወደ አበባ ስትሄድ ብናኙን ታደርሳለች፤ አበባዋ ዘር የምትይዘው በዚህ ነው። በኅብረታችንም እንዲሁ ሆነ። የምትጠብቀው እህት የሌላዋን ልጆች ከትምህርት ቤት ትቀበላለች፣ ታበላለች፣ ታስጠናለች። የምትሮጠውም ከደመወዟ የእህቷን የቤት ኪራይ ታግዛለች።

የወረቀቱ መልስ እስከ ዛሬ አልመጣም። ሁለቱም ሥራዎች እንደቀጠሉ ናቸው። ጌታ ግን የወፏን መብረርም የአበባዋንም መቆም የኑሮ ዋስትና አላደረገው፤ የሚመግበውንና የሚያለብሰውን የሰማዩን አባት አሳየን።

ወገኖቻችን፣ ዛሬ ስትሮጡ የምትውሉ ናችሁ ወይስ ስትጠብቁ? በዚህ ሳምንት አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ ወፍና አበባ ተመልከቱ። ከዚያም ከጎናችሁ ላለው ሰው ጸልዩ።

አባት ሆይ፣ የምንሮጠውን አሳርፈን፤ የምንጠብቀውን አጽናን። አንዳችንን ለሌላችን መጋቢ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።