የቧንቧ ውኃና የጀሪካን ውኃ

አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ የተናገሩት ስለ ጌጥ ብቻ አይመስለኝም። ይህ ምሳሌ ለኮምፒዩተር ጨዋታም እንደሚሆን ባለፈው ክረምት ስለ ተረዳሁ፣ ያገኘሁትን ትምህርት ለመጽሔታችን አንባቢዎች ላካፍል ወደድሁ።

በከተማችን በጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ በአሰበ ተፈሪ፣ እኛ ተማሪዎች ጨዋታ የምናገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ፕሌይስቴሽን ቤት ገብቶ ከፍሎ መጫወት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጓደኛ በፍላሽ መቅዳት ነው። እኔም ታላቅ ወንድሜ በተወልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ጨዋታ እያጠራቀምሁ ለጓደኞቼ በአሥር በአሥር ብር እቀዳላቸው ነበር። ከሒርናና ከበዴሳ የሚመጡ ልጆች ሳይቀሩ «ባለ ጨዋታው» ብለው ይጠሩኝ ስለ ነበር በስሙ እኮራ ነበር።

በክረምቱ ውጭ አገር የሚኖረው የአጎቴ ልጅ ሊጠይቀን መጣ። ላፕቶፔን አይቶ ሳቀና «ይህን ሁሉ ለምን ታከማቻለህ? ዛሬ እኮ ጨዋታው የሚሠራው በሩቅ አገር በተቀመጠ ትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ነው። አንተ የጣትህን ትእዛዝ ብቻ ትልካለህ፤ ሥዕሉ እንደ ፊልም ተመልሶ ይመጣልሃል» አለኝ። ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ብሰጠው በራሱ ካርድ የጥቂት ወራት ኪራይ ሊከፍልልኝ ቃል ገባ። ነገሩ እጅግ አስጎመጀኝ። ውድ ኮምፒዩተር መግዛት ለማይችል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ይሁን እንጂ ገንዘቡን ከመስጠቴ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ከእነዚህ አገልግሎቶች አንዱ የሆነው ጂፎርስ ናው በትንሹ በሴኮንድ 15 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል። ይህ ሳይቋረጥ ቢፈስ በሰዓት 6.75 ጊጋባይት ይሆናል፤ ስለዚህ የአንድ ጊጋባይት ጥቅል ዘጠኝ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያልቃል። ርቀቱም ሌላ ችግር ነው። ኮምፒዩተሩ በደቡብ አፍሪካ ቢቀመጥ እንኳ ከአዲስ አበባ እስከ ጆሐንስበርግ በአየር 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በመስታወት ሽቦ ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ትእዛዜ ደርሶ እስኪመለስ ቢያንስ 40 ሚሊ ሴኮንድ ይወስዳል። ሽቦው ቀጥ ብሎ ስለማይዘረጋ በእውነቱ ከዚህም ይበልጣል።

ይህን ሳሰላ መሽቶ ነበር። ድንገት እናቴ ከጓሮ ተጣራች። «ልጄ፣ ውኃ መጥቷል፤ ተነሥና ጀሪካኑን ሙላ! ሲመጣ ያልሞላ ሰው ጠዋት ምን ይጠጣል?» አለችኝ። እናቴ ስለ ጨዋታ የምታውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ጀሪካኑን እየሞላሁ ሳለ የአጎቴ ልጅ ያመጣልኝ ነገር የቧንቧ ውኃ መሆኑ ተገለጠልኝ። ቧንቧው መልካም ነው፤ መክፈቻው ግን በሌላ ሰው እጅ ነው።

በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ በእነዚያ ቀናት የተጫወትሁት በስልኩ ውስጥ አስቀድሞ የተቀመጠውን ብቻ ነበር። በሠለጠነው ዓለምም ቢሆን ቧንቧው ይዘጋል። ጉግል ስታዲያ የተባለውን አገልግሎት ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ጥር 10 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ እኛ ከተራን በምናከብርበት ዕለት ዘጋው። ለገዢዎች ገንዘባቸውን መለሰ፤ መደርደሪያቸው ግን ባዶ ቀረ። ዩቢሶፍትም እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣውን ዘ ክሩ የተባለ የመኪና እሽቅድምድም እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ስለ ዘጋው፣ ዲስኩን በእጃቸው የያዙ ሰዎች እንኳ መጫወት ተሳናቸው።

በአንጻሩ በፖላንድ ጂ.ኦ.ጂ. የተባለ መደብር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጨዋታን ያለ ቁልፍ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ሻጩን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ ያለ ኢንተርኔትም ይጫናል። በሕግ ቋንቋ እርሱም የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ነገር ግን ማንም ከቤትህ ገብቶ ጀሪካንህን አይደፋውም።

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ልጅ በድል አድራጊነት ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ «ስለ ባለቤትነት ጥሩ ተናገርህ። በአሥር ብር የምትሸጠውን ጨዋታ የሠራው ሰውስ ስንት ደረሰው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ። በአገራችን የቅጂ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ መሆኑን ሰምቼ ነበር፤ ራሴን ግን አንድ ቀን እንኳ ሌባ ብዬ አልጠራሁም። የአገራችን ወጣቶች ስለምታመልጥ ዶሮ ኩኩሉ የተባለ ጨዋታ ሠርተዋል። እኔ ደግሞ ነገ አንድ ብሠራና ሌላ ልጅ ገለምሶ ላይ በአሥር ብር ቢቸረችረው ደስ ይለኝ ይሆን?

በመጨረሻ ባጠራቀምሁት ገንዘብ አንድ ቁልፍ የሌለው ጨዋታ ገዛልኝ፤ ሦስት ሌሊት ሙሉ ሲወርድ ቆየ። ወሬውን ሰምቶ የቅርብ ጓደኛዬ አሥር ብርና ፍላሽ ይዞ መጣ። መቅዳቱን የሚከለክለኝ ማሽን አልነበረም። «አልቀዳልህም፤ ከቤት መጥተህ አብረን እንጫወት» ብለው ስስታም ብሎኝ ሄደ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰላምታ ነሳኝ፤ ከዚያ በኋላ ግን መጣ፤ እስኪመሽም እየተቀባበልን ተጫወትን።

እውነቱን ለመናገር፣ የተቀበልሁትን ብር መመለስ አልቻልሁም፤ የድሮዎቹንም ጨዋታዎች ገና ሁሉንም አላጠፋሁም። መሸጡን ግን ትቻለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ ቁልፍ ያለበትን ዕቃ ሻጩ ይጠብቀዋል፤ ቁልፍ የሌለውን ግን የሚጠብቀው የገዢው ሕሊና ብቻ ነው።