ብረቱና ሰደፉ

ነሐሴ 18 ቀን 2016፣ ቅዳሜ። ሁስቢ፣ ስቶክሆልም

መቀርቀሪያውን አወጣሁ፤ ጥይት ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥሁ፤ ከዚያ ሁለቱን የሆድ ብሎኖች ፈትቼ ብረቱን ከእንጨቱ ለየሁት። ጠመንጃው ሁስክቫርና 640 ነው፤ የሚጎርሰው ስዊድኖች ከ1894 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙትን 6.5 በ55 ጥይት። ሰሞኑን ኢላማ ላይ አስቸግሮኛል። የመጀመሪያዋ መሐል ትመታለች፤ አፈሙዙ ሲሞቅ የሚከተሉት ወደ ቀኝ ይሸሻሉ።

ምክንያቱ እንጨቱ ውስጥ ተገኘ። ሲተኮስ ብረቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ግፊቱን መቀበል ያለበት ከጥይት ቤቱ ሥር ወደ ታች የወረደው ጠፍጣፋ ጥርስ ነው። ጥርሱ የሚደገፍበት እንጨት ከጊዜ ብዛት ሲለሰልስ ብረቱ ጥቂት ይሸሽና ከኋላ ያለው ምላስ ሰደፉ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ይገባል። የእኔም የዋልነት ሰደፍ እዚያው ጋ ተሰንጥቋል፤ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ስንጥቅ ነው። ዙሪያው ጠቁሯል፤ ጠመንጃ አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ለዓመታት ሲቆም የሚቀባው ዘይት እየወረደ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

በእኛ አካባቢ የኤልክ አደን የሚከፈተው በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ ነው። ያን የሚያህል እንስሳ አቁስሎ ጫካ ውስጥ ከመስደድ የከፋ ነገር አላውቅም። እስኪስተካከል ድረስ በዚህ ጠመንጃ አላድንም።

ነሐሴ 19፣ እሁድ

ደብረ ማርቆስ ላለው አጎቴ ደወልሁ። የአያቴ ቤልጅግ ጠመንጃ አንገቱ ላይ በጠፍር የተጠመጠመ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ነው።

«ጋሼ፣ ያ ጠፍር እንዴት ነበር የሚታሰረው?»

«በእርጥቡ ነዋ! ከደረቀ በኋላ ብታስረው ምን ይይዝልሃል? እርጥቡን ወጥረህ ትጠመጥመዋለህ፣ በጥላ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ራሱ ይነክሰዋል። አባቴ ሰደፉ ተሰብሮ እንኳ በዚያ ነው የተኮሰበት።»

ደስ ያለኝ ሌላም ነገር አለ። ሁስክቫርና ለ640 የተጠቀመበት የሞዘር 98 ብረት ከቤልጂየሙ ኤፍ ኤን ፋብሪካ የመጣ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1920ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የገቡትና ሕዝቡ ቤልጅግ ያላቸው ጠመንጃዎችም የዚያው ፋብሪካ ሥራ ናቸው። ጥርሱም፣ ምላሱም፣ ሁለቱ ብሎኖችም ያው ናቸው። እንግዲህ ችግራቸውም አንድ ቢሆን አይገርምም።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ሙጫ ዘይት ያለበት እንጨት አይዝም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ዘይቱን ማውጣት ሆነ። መስኮት ከፍቼ፣ የጠመኔ ዱቄት በአሴቶን ለውሼ የጠቆረው ቦታ ላይ ለጠፍሁ። ሲደርቅ ዱቄቱ ቢጫ ሆኖ ይነሳል፤ እንደገና ይለጠፋል። ነጭ ሆኖ መነሳት እስኪጀምር ድረስ አልተውሁትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ስንጥቁ በዓመቱ ተመልሶ ይከፈታል።

ከዚያ ቀጭን ኢፖክሲ በፀጉር ማድረቂያ አሞቅሁ። ሲሞቅ ይቀጥንና ስንጥቁ ራሱ ይጠጣዋል። ሰደፉን በቀስታ ወዲህና ወዲያ ሳጎብጠው ሙጫው በሌላኛው ጫፍ ወጣ፤ ዘልቆ መግባቱን ያወቅሁት በዚህ ነው። ማሰሪያዬ ያረጀ የቢስክሌት ካላማዳሪያ ነበር፤ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ወጥሬ ጠመጠምሁት። አጎቴ ቢያየው ሥራውን ያውቀው ነበር።

ጳጉሜን 2፣ ቅዳሜ

የዛሬው ማስቀመጥ ነው፤ ለብረቱ የማይለወጥ መቀመጫ መሥራት። ከጥርሱ ጀርባና ከጥይት ቤቱ ሥር ጥቂት ሚሊ ሜትር እንጨት በመሮ አነሳሁ። የብሎኖቹን ቀዳዳ አስፍቼ የናስ ቱቦ ተከልሁባቸው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ናሱን ይጫን እንጂ እንጨቱን አይጭመቅ።

ብረቱን ሙጫው እንዳይዘው እያንዳንዱን ቦታ የጫማ ቀለም ቀብቼ ወለወልሁ። ቀዳዳዎቹን በልጄ ፕላስቲሊን ደፈንሁ። ሙጫ አንዴ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ብረትና እንጨት ዳግመኛ አይለያዩም። ጥርሱ ላይ የወረቀት ፕላስተር የለጠፍሁት ከፊቱ፣ ከጎኖቹና ከታቹ ብቻ ነው። የኋላ ፊቱ ባዶ ይቀራል፤ የሚደገፈው በእሱ ብቻ ነውና። የብረት ዱቄት ያለበትን ኢፖክሲ ሞላሁ፣ ብረቱን አስገባሁ፣ ብሎኖቹን ነክተው እስኪቆሙ ብቻ አዞርሁ። አጥብቆ ማሰር ብረቱን ያጎብጠዋል፤ ሙጫውም ያንን ጉብጠት ይዞ ይደርቃል።

ጳጉሜን 3፣ እሁድ

24 ሰዓት ጠብቄ ከፈትሁት። በጎማ መዶሻ አፈሙዙን ከታች ነካ ነካ ሳደርገው ቀጭ ብሎ ተለቀቀ። የጥርሱ ጀርባ የተቀመጠበት ቦታ እንደ መስተዋት ለስልሶ የፋብሪካው የፋይል ጭረት ሳይቀር ታትሞበታል። ከምላሱ ጀርባ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት አነሳሁ፤ ከእንግዲህ ምላሱ ሰደፉን አይነካውም። የአፈሙዙንም ቦይ ወረቀት ከጫፍ እስከ ጥይት ቤቱ ሳይያዝ እስኪያልፍ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ። ስቶክሆልም ውስጥ በክረምት የቤት ማሞቂያ አየሩን ያደርቀዋል፣ እንጨትም ይኮማተራል፤ አፈሙዙን ካልነካው ግን ቢኮማተርም ጥይቱን አያዛባም።

የተራቆተውን እንጨት በተልባ ዘይት ቀባሁ። ጨርቁን ውሃ ባለበት ቆርቆሮ ከትቼ ከደንሁት። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተጣለ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሰው ይህን ሊረሳ አይገባም። ብረቱን ካዝናው ውስጥ መልሼ ቆለፍሁ።

መስከረም 4 ቀን 2017፣ ቅዳሜ

ተኩስ ሜዳ። በቀዝቃዛው አፈሙዝ የተተኮሰችውና ከሞቀ በኋላ የተከተሉት አንድ ላይ ተሰበሰቡ፤ ወደ ቀኝ የሸሸች የለችም። ቤት ገብቼ ስንጥቁን በአጉሊ መነጽር አየሁት፤ አልተንቀሳቀሰም። የኋላው ብሎን ግን ጥቂት ላልቷል፤ መልሼ አጠበቅሁት። ከአደኑ በፊት የሚቀረኝ 80 ሜትር ላይ የሚሮጠውን የኤልክ ኢላማ መለማመድ ነው።