የጎደለችው «ች»

ልጅ የጻፈውን አምጥቶ «እዩልኝ» ሲለን የአብዛኞቻችን ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው ስሕተቱ ላይ ነው። ፊደሉን እናርማለን፣ አራት ነጥቡን እናስገባለን፣ «ደኅና ነው፤ ግን ተጠንቀቅ» ብለን ደብተሩን እንመልስለታለን። ልጁ ምን ሊነግረን እንደፈለገ ግን ገና አልሰማንም። ይህ ልማድ፣ በተለይ አማርኛ የአፍ መፍቻው ያልሆነውን ልጅ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ የተረዳሁት በኢታንግ ድርሰት ሳስተምር ነው።

ኢታንግ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በባሮ ወንዝ ዳር ትገኛለች። ስሟ በሩቅ የተሰማው በስደተኞች ምክንያት ነበር። በደርግ ዘመን ከደቡብ ሱዳን የመጡ እጅግ ብዙ ስደተኞች የሰፈሩባት ስትሆን በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ሰፈሩ ተበተነ። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዚያው ወረዳ የኩሌና የቴርኪዲ መጠለያዎች ተከፍተዋል። አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ ኦፖውና ከደጋ የመጣው ነጋዴና ሠራተኛ አብረው የሚኖሩባት ወረዳ ናት። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የአኙዋኩና የኑዌሩ ልጅ ቤቱ የሚነጋገርበትን ቋንቋ በላቲን ፊደል ይጽፋል፤ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ እንግሊዝኛው ሲጨመር ሦስት ቋንቋ በአንድ ቦርሳ ይሸከማል ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ልጅ አማርኛ ሲጽፍ ቢሳሳት አያስደንቅም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ ብለን ጉሮሮአችንን ጠበቅ አድርገን የምናወጣቸው ድምፆች በአኙዋክኛም ሆነ በኑዌርኛ የሉም። ስለዚህ «ውሃ ጠጣ» የሚለውን «ውሃ ተታ»፣ «ቀን»ን «ከን» ብሎ ቢጽፍ ጆሮው የነገረውን ነው የጻፈው። አማርኛ ግሡን ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ የእነርሱ ቋንቋ ግን ቀደም ያደርገዋል። «እኛ አየን ጎርፍ» የሚለው ከዚህ የመጣ ነው። ሁሉም ቦታ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ደብተር የተመለሰለት ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት አጫጭር ዐረፍተ ነገር ብቻ ጽፎ ይቀመጣል። ያነሰ የጻፈ ያነሰ ይሳሳታልና!

በመሆኑም በክፍላችን ሥራውን ለሁለት ከፈልነው፤ አንደኛው ክለሳ፣ ሁለተኛው እርማት። ክለሳ ሐሳቡን መመለስ ነው፤ የጎደለውን መጨመር፣ ያለቦታው የገባውን ማንሳት፣ የተድበሰበሰውን መግለጥ። እርማት ፊደሉን፣ ግሡንና ሥርዐተ ነጥቡን ማስተካከል ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲሁ እንዲሆን ተስማማን። ቤቱ ሳይቆም ግድግዳው አይለቀለቅም።

ተማሪዎቹ አንድ መስመር እየዘለሉ ይጽፋሉ፤ ለጭማሪ ቦታ እንዲኖር ነው። በመጀመሪያው ቀን ጸሐፊው ጮክ ብሎ ለጓደኛው ያነብባል። ሰሚው እስክሪብቶ አይዝም፤ የሚፈቀድለት መጠየቅ ብቻ ነው። በሁለተኛው ቀን ጸሐፊው በአዲስ ገጽ ደግሞ ይጽፋል። እርማት የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ክፍሉ ብዙ ተማሪ ያለበት ስለሆነ ለአንድ መምህር የማይቻለው በጥንድ ጥንድ ሲሆን ተቻለ። ጥንዶቹም በተቻለ መጠን የአኙዋክና የኑዌር ልጆች እንዲሆኑ አደረግሁ፤ ወረዳው ግጭት ያየ ነውና አንዱ የሌላውን ቤት ታሪክ መስማቱ ለድርሰቱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው።

አንድ ልጅ ስለ ጎርፍ ጻፈ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ባሮ ከልክ በላይ ሞልቶ ኢታንግን ጨምሮ በክልሉ ብዙ ሕዝብ አፈናቅሎ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፉ «ጎርፍ መጣ። ብዙ ነገር ወሰደ። በጣም አዘንን» የሚል ነው። ፊደሉ ደኅና ነው፤ ለቀይ እስክሪብቶ የሚሆን ነገር የለውም። ጓደኛው ግን «ከእናንተ ቤት ምን ወሰደ?» ብላ ጠየቀችው።

በማግሥቱ ይህን ይዞ መጣ፤ ፊደሉን አስተካክዬ ላቅርበው፦ «ውሃው ሌሊት ገባ። በቆሎው አልተሰበሰበም ነበር። አባቴ ትልልቆቹን ይዞ ወደ ከፍታው ሄደ። አያቴ መራመድ አይችልም፣ ጎጆው ውስጥ ቀረ። እናቴ ሕፃን አዝሎ ነበር። ሕፃኑን ለእኔ ሰጠ፣ ወደ ውሃው ተመለሰ፣ አያቴን ተሸክሞ መጣ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ አንዱ «አባትህ ጀግና ነው!» አለ። ልጁ ግን ራሱን ነቀነቀና «አባቴ አይደለም፤ እናቴ ነው!» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

የልጁ ስሕተት የስንፍና አይደለም። በአኙዋክኛም በኑዌርኛም «እሱ»ና «እሷ» አንድ ቃል ናቸው፤ ግሡም ለወንድና ለሴት አይለያይም። ሳቁ ሲበርድ «አንባቢው እናቱ መሆኗን እንዲያውቅ ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅሁ። ያችው ጓደኛው «ቲቸር፣ ‹ተመለሰች› ይበል» አለች። ልጁ ጎንበስ ብሎ «አዝላ ነበር፣ ሰጠች፣ ተመለሰች፣ ተሸክማ መጣች» እያለ አረመ። ትልቅ ዋጋ የከፈለችው እናቱ ሆና ሳለ ምስጋናው በአንዲት «ች» ጉድለት ለሌላ ሰው ሊሄድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰዋስው ለእርሱ የመምህር ትእዛዝ መሆኑ ቀረ፤ የእናቱን ሐቅ ለእናቱ የሚመልስበት መሣሪያ ሆነ። ክለሳው ባይቀድም ኖሮ ግን የሚታረም ነገርም አይገኝም ነበር።

ለእኛ ይህ እንግዳ ትምህርት ሊሆን አይገባም። ቁርኣን ቤት ልጁ በሉሑ ላይ የጻፈውን ለኡስታዙ አንብቦ ሳይታረም አያጥበውም። ያ የአላህ ቃል ስለሆነ ከፊደሉ አንዲት አትነካም። የሰው ድርሰት ግን ጸሐፊው ራሱ ተመልሶ ሊያየው ይገባል። መዝሀባቸውን በሀገራችን ብዙዎቻችን የምንከተላቸው ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) «አር-ሪሳላ» የተባለውን ታላቅ መጽሐፋቸውን አንድ ጊዜ ጽፈው አልተዉትም፤ ግብፅ ከገቡ በኋላ ደግመው አዘጋጁት። ዛሬ በእጃችን ያለው ይኸው ሁለተኛው ነው። በ204 ዓመተ ሂጅራ እስካረፉ ድረስም ብዙ ቀደምት አቋማቸውን ከልሰዋል፤ የፊቅህ ሰዎች «ቀዲም»ና «ጀዲድ» እያሉ ይለዩታል። እንዲህ ያሉ ሊቅ ወደ ጽሑፋቸው ከተመለሱ የስምንተኛ ክፍል ልጅ «ደግመህ ጻፍ» ቢባል የሚያፍርበት ምን አለ?

እንግዲህ ወላጆችና ታላላቅ እህት ወንድሞች፣ ልጅ ጽሑፉን ሲያመጣላችሁ አስቀድማችሁ እስከ መጨረሻው ስሙት። ቀጥሎ እውነት ልታውቁት የምትፈልጉትን አንድ ነገር ጠይቁት፤ «ከዚያስ?» ወይም «ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» ብትሉት ይበቃል። ከጻፈ በኋላ አንድ ቀን ይደር፤ በማግሥቱ ጮክ ብሎ ያንብበው፤ ከስሕተቱ ብዙውን ጆሮው ራሱ ያገኝለታል። ስታርሙም ሁሉን ባንዴ አትዝመቱበት፤ ዛሬ ግሡን፣ ነገ ፊደሉን። ያልተማራችሁም ብትሆኑ ሥራው ከእናንተ አይርቅም፤ መስማትና መጠየቅ እስክሪብቶ አይፈልግም።