ሦስት ሺህ ዋት ገዝቼ አንድ ቃል አጣሁ!

የዛሬው ወጌ ስለ ፍቅር አይደለም... ግን ከፍቅርም ብዙ አይርቅም። ስለ ስፒከር ነው። (አትሳቁ!)

አባዬ ከኛ ዘግይቶ ነው የሚስቀው። ማታ ማታ ድራማ ስናይ ሁላችንም ስቀን ስንጨርስ ፊታችንን ዞር ብሎ ያይና እሱም "ሃሃ" ይላል። ለብዙ ጊዜ ቀልዱ ቀስ ብሎ የሚገባው ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ቲቪው ላይ የአንዲት እናት መርዶ እየተነገረ፣ እኔና ታናሼ በራሳችን ጉዳይ ስንሳሳቅ አየንና አብሮን ሳቀ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አባዬ አይሰማም፤ የሚያየው ቲቪውን ሳይሆን የኛን ፊት ነው።

ዕድሜውን የጨረሰው መሪ ላይ ነው። በፊት አሰብ፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ጅቡቲ፣ በዚያ ጆሮ በሚበሳው ኤንትሬ! ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። (እናንተም ከስፒከር በፊት ጆሮ አስመርምሩ፤ አንዳንዱን የደፈነው ኩክ ብቻ ነው።) የአባዬ ግን የሞተር ጩኸትና ዕድሜ ተባብረው ያመጡት ነው ተባለ፤ በመስኮቱ በኩል የነበረው ግራ ጆሮው ይብሳል። የማዳመጫ መሣሪያውን ዋጋ ስጠይቅ... እኔም ለጊዜው ደነቆርኩ።

በዚሁ መሃል ዕቁብ ወጣልኝ። "ለአባዬ ሆም ቲያትር!" አልኩና መርካቶ ገባሁ።

ሻጩ ልጅ አፉ ማር ነው። "እህት፣ ይሄ 3000 ዋት ነው፣ አምስት ስፒከር ከነቤዙ!" ብሎ ዘፈን ለቀቀበት። ደረቴ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔን ጨፍኜ ከፈልኩ። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለውን ወረቀት ያየሁት ታክሲ ውስጥ ደረሰኙን ሳወጣ ነው።

ልደታ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ያውቀዋል፤ ጎረቤት ማንኪያ ሲወድቅበት እናንተ "እኔን!" የምትሉበት ቤት ነው። ሳሎናችን 3 በ4 ሜትር ነው፤ ሶፋ፣ ቡፌና እኛ ከገባን በኋላ የሚተርፍ ቦታ የለም። ቤዙን ጥግ ወሸቅነው፣ ሁለቱን የኋላ ስፒከሮች ከሶፋው በላይ ግድግዳው ላይ ቸነከርናቸው፣ ድራማው ተጀመረ። ጉድ! ብርጭቆ ተንጫጫ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ በር ተንኳኳ፤ ጎን ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ሚስቱ አራስ ናት። "ፍርድ ቤቱ እዚሁ ቅርብ ነው እኮ!" አለ እየሳቀ፣ ግን ሳቁ ሙሉ አልነበረም።

አባዬስ? "ጥሩ ድምፅ ነው ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። ከዚያ መልሶ ፊታችንን ማየት ጀመረ። አንድም ቃል አልሰማም!

ሳምንት ሙሉ ከራሴ ጋር ተጣልቼ፣ በሰው በሰው አንድ የቴፕና የቲቪ ጠጋኝ ጋሼ አገኘሁና ቤት አመጣሁ። የነገሩኝን ለእናንተ ላካፍላችሁ፤ እኔ ያወጣሁትን ብር አታውጡ።

መጀመሪያ ዕቃውን ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። ፊቱ ላይ 3000 ዋት የሚለው ጉልበተኛ፣ ጀርባው ላይ ከመብራት የሚወስደው 80 ዋት ብቻ ነው ይላል። "ልጄ፣ 80 በልቶ 3000 የሚያስታውክ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። በፊት ለፊቱ ተለጣፊ ላይ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ለቅጽበት ታህል የሚደርስበት የወረቀት ቁጥር ነው። እውነተኛው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ነው፤ አርኤምኤስ ይሉታል። ለ12 ካሬ ሳሎን ደግሞ ጥቂት አሥር ዋት ይተርፋል። ድምፁ በጆሯችን እጥፍ እንዲመስለን ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት፤ ስለዚህ በ60 እና በ80 ዋት መካከል ያለውን ልዩነት ብለው ገንዘብ የሚጨምሩ ሰዎች የሚጨምሩት ለሻጩ ነው።

ሁለተኛው የቤዙ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ በሉ! ወፍራም ድምፅ ማዕበሉ ረጅም ነው። አራት ሜትር ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ ልክ ገጥሞ ይቆማል፤ የሚከማቸውም ግድግዳው ሥርና ጥግ ላይ ነው። እኔ ቤዙን ጥግ ወሸቅሁት፣ አባዬን ደግሞ ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩት። ድምፁ በሚከመርበት ቦታ መሃል ማለት ነው! ዕድሜና ጩኸት ከጆሮ ላይ አስቀድመው የሚወስዱት ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ስ፣ ፍ፣ ት፣ ጽ የመሳሰሉትን። "ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ምን እንደሚል ግን አይለይልኝም" የሚሉት ለዚህ ነው። ታዲያ በዚያች በተረፈችው ላይ ቤዝ ሲጫንባት ምን ይቀራል? እኔ በዕቁብ ብሬ የአባቴን ጆሮ ይባስ ደፈንኩት።

ጋሼ ያደረጉት ብዙ አይደለም። ቤዙን ከጥግ አውጥተው ከሥሩ ቁራጭ ስፖንጅ አነጠፉለት፣ ድምፁንም ወደ ሩብ አወረዱት። ስፖንጁ በወለሉ የሚሄደውን ንዝረት ትንሽ ይቀንሳል፤ በአየር የሚሄደውን ግን መቀነስ እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም። ሶፋውን ከግድግዳው ሁለት ክንድ ያህል ሳቡት (ቡፌው በረንዳ ወጣ፤ እማዬ እስካሁን አልማረችኝም)። የኋላዎቹን ስፒከሮች ጸጥ አሰኟቸው። ጆሮ ሥር የተሰቀለ ስፒከር መቼም ሲኒማ አይሆንም።

ከዚያ ሪሞቱ ላይ "ፕሮሎጂክ" የሚለውን ተጫኑ። ይሄን ነበር ያላወቅሁት! ከሪሲቨሩ በቀይና ነጭ ገመድ የሚመጣው ድምፅ የግራና የቀኝ ብቻ ነው፤ መሃለኛው ስፒከር ዝም ብሎ ተቀምጦ ኖሯል። ያቺ ቁልፍ ስትነካ በሁለቱም በኩል እኩል የሚመጣውን፣ ማለትም አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩን፣ ለይታ ለመሃለኛው ትሰጠዋለች። መሃለኛውን ከቲቪው ሥር አንስተው ወደ አባዬ ጆሮ ቀና አደረጉትና ድምፁን ከሌሎቹ ከፍ አደረጉለት። አባዬንም ቀኝ ጆሮው ወደ ስፒከሩ እንዲሆን ወደ ግራ ጫፍ አዛወሩት።

"እንደገና ብገዛስ?" አልኳቸው። ካወጣሁት ግማሹ ይበቃ ነበር። ሁለት ስፒከር ከትንሽ ቤዝ ጋር፣ ወይም ቲቪው ሥር የሚጋደም ሳውንድ ባር፤ በተለይ 3.1 የሚባለው ለንግግር የራሱ መሃለኛ አለው። ዋጋ አልጽፍላችሁም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ቅዳሜ ሊያሳፍረኝ ይችላል። የቲቪያችሁን ጀርባ ግን በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው ላይ "ኤአርሲ" የሚል ካለ በአንድ ገመድ ትገላገላላችሁ፣ ከሌለ በኦፕቲካል። በብሉቱዝ አትመኑ። ድምፁ ከምስሉ ሊዘገይ ይችላል፤ እንደ አባዬ ከንፈር አይቶ ለሚረዳ ሰው ደግሞ የዘገየ ድምፅ ከሌለ ይከፋል።

ፍላሻችሁንም አትርሱ። ዘፈን ሳይሆን ዜና ወይም ድራማ ጫኑበት። ሻጩ የራሱን ዘፈን ሊለቅ ሲል "ተወው ወንድሜ" በሉት፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጉ፣ ቤዙንም ቀንሱ። ዜና አንባቢው ከበርሜል ውስጥ የሚናገር ከመሰላችሁ ዕቃውን ለባለቤቱ ተዉለት። ቤታችሁ ገብታችሁ ስታጨበጭቡ የሚያስተጋባ ከሆነም ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ከስፒከር ይቀድማል፤ ሴራሚክ ወለል ቃል ያደበዝዛል።

ጋሼ በሄዱ ማግስት ድራማው መጣ። እኔ ወጥ ቤት ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ከሳሎን ሳቅ ሰማሁ፤ የአባዬ ሳቅ ብቻ። ሌላው ገና አልሳቀም። ቢላዋውን እንደያዝኩ ሮጬ ገባሁ፤ አባዬ ዓይኑ ቲቪው ላይ ነው፣ ወደኛ አልዞረም።

ደስ ሲለኝ ትንሽ ከፍ አደረግሁለት።

"ቀንሺው" አለኝ፤ "ጎን አራስ አለች።"