ከቅርያት ማልአኪ እስከ ያቭኔ፦ ቢምቢ የሚበላው ዓሣ



አባቴ ቄስ ነበሩ። አገር ቤት ሳለን ወደ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ሲሰናበታቸው «ረግረግ አጠገብ አትደር፣ ንዳድ ይይዝሃል» ይሉት ነበር። ምክንያቱ የገባኝ ተምሬ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ ቢምቢ የምትፈለፈለው በቆመ ውሃ ውስጥ ነው።

በቅርቡ ዘመድ ልጠይቅ ከቅርያት ማልአኪ ተነሣሁ። ልወጣ ስል የጎረቤቴን የአበባ ማሰሮ አየሁ። ከሥሩ ባለው ሳህን ውስጥ ክር የመሰሉ እጮች ይወዛወዛሉ። እነዚህ በበጋ ሙቀት በሳምንት ወይም በአሥር ቀን ክንፍ አውጥተው ይበራሉ። ሳህኑን ደፋንና መንገዴን ቀጠልኩ።

ጌዴራ ስደርስ አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ትንሽ ኩሬ አላቸው። «እማማ፣ ቢምቢ አያስቸግርዎትም?» ብላቸው፣ «ዘበኞች አሉኝ ልጄ!» ብለው ሳቁ። ዘበኞቹ ጋምቡዝያ የሚባሉ፣ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ናቸው። አፋቸው ወደ ላይ ስለሆነ፣ ለመተንፈስ ወደ ውሃው ፊት የሚወጣውን እጭ ይለቅሙታል። ከሰሜን አሜሪካ ወደዚህ አገር የመጡት በ1920ዎቹ፣ ዶክተር እስራኤል ክሊግለርና ሌሎች ወባን ሲዋጉ በነበረበት ዘመን ነው። ረግረጉ ተደርቆ፣ ውሃው ተጠብቆ፣ በ1967 እስራኤል ከወባ ነፃ ተባለች።

ያቭኔ ላይ ግን የዘመዴ የልጅ ልጅ የተራቡትን ዓሦች በባልዲ ይዞ ከከተማ ውጭ ወዳለ የክረምት ኩሬ ሊጨምር ሲወጣ አገኘሁት። «ተው ልጄ!» አልኩት። ይህ ዓሣ ሜዳ ከተለቀቀ የእንቁራሪቱን እንቁላልና ግልገል፣ የአገሬውንም ትናንሽ ዓሣ ይፈጃል። ዘበኛ ከግቢው ከወጣ ሌባ ይሆናል።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። ወባ ቢጠፋም የምዕራብ ናይል ትኩሳትን የምታስተላልፈው ቢምቢ አለች። በ2024 በጋ በዚህ አገር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ታመው፣ በአሥሮች የሚቆጠሩ ሞተዋል። በሽታው የሚበረታው በእኛ በዕድሜ በገፋነው ላይ ነው።

ስለዚህ፦ የሳህንና የባልዲ ውሃ በየሳምንቱ ይደፋ። በርሜል ይከደን። የግቢ ኩሬ ካላችሁ ዓሣ አኑሩበት፤ ምግብ አታብዙላቸው፣ ከጠገቡ አያድኑም። ከግቢም አታውጧቸው። የማን እንደሆነ የማይታወቅ የቆመ ውሃ ካያችሁ ወደ ዒሪያው በ106 ደውሉ፤ ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጆቻችሁ ይደውሉላችሁ።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው።