የደቦው ጠላ በማን ነው?

እኛ አገር "በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል" ሲባል ሁለት ዓይነት ፊት ታያላችሁ። አንደኛው "በዚህ ኑሮ ማን በነጻ ይለፋል?" የሚል ፊት ነው። ሁለተኛው ዝም ብሎ ይሰማና፣ ቆይቶ ሻይ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አበል ግን አለው አይደል?" ይላል። በሁለቱም አልፈርድም። በዎርክሾፕ ያረጀን ሰዎች ነን። አዳራሹ ውስጥ የተነገረውን ረስተን የፈረምንበትን የአበል ወረቀት የምናስታውስ ስንት አለን!

ይህን እንዳነሳ ያደረገኝ አንድ ማመልከቻ ነው። ድሮ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኳት፣ ዛሬ ራሷ አስተማሪ የሆነች ልጅ "መምህር፣ እስቲ በጀቱን ይዩልኝ፤ እኔ ቁጥር ላይ አይሆንልኝም" ብላ ላከችልኝ። (ቁጥር ያስመርረው ከነበረ የግጥም መምህር የበጀት ምክር መጠየቅ ድፍረት ነው።) ሐሳቧ ግን ያማረ ነው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በየቤታቸው ሆነው፣ ለአራት ሳምንት ቅዳሜ ቅዳሜ በኢንተርኔት እየተገናኙ፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ሴት ደራሲያን በአማርኛው ዊኪፔዲያ ላይ ይጽፋሉ፤ የተጻፈውንም ያርማሉ።

ዊኪፔዲያ እንግዲህ ማንም የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው የእንግሊዝኛው ከ6 ሚሊዮን በላይ ጽሑፎች አሉት። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሁለትና ሦስት መስመር ብቻ ሆነው የቀሩት ብዙ ናቸው። መቀመጫውን ሳን ፍራንሲስኮ ያደረገው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ከአንባቢ ከሚሰበስበው መዋጮ ላይ፣ ለእንዲህ ያለው ትንንሽ ዘመቻ ከ500 እስከ 5,000 ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። ጽሑፍ ለሚጽፈው ሰው ግን ስለ ጻፈ ብሎ አይከፍልም። መጻፉ በፈቃድ ነው።

እዚህ ላይ ነው ክርክሩ የተነሳው። ከሃያዎቹ አንዱ "እነሱ ቢሯቸው ደመወዝተኛ አለ፤ እኛ ለምንድነው በነጻ የምንጽፈው?" ብሎ ጠየቃት አሉ። ጥያቄው የስስት ጥያቄ አይደለም። የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃ አስተማሪ "ቅዳሜህን ስጥ" ሲባል ቢያጉረመርም እውነት አለው። ለኔ ግን መልሱ ያለው ሳን ፍራንሲስኮ ሳይሆን ገጠራችን ውስጥ ነው።

ደቦን አስቡ። አረም የበዛበት ገበሬ ጎረቤቱን ይጠራል። ለመጣው ሰው የቀን ሙያ ተብሎ አይከፈለውም፤ ልክፈልህ ቢለውም ይቀየመዋል። ነገር ግን ደቦ ያለ በጀት ተጠርቶ አያውቅም! ከሳምንታት በፊት ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተዘጋጅቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ ለወጡ የሚሆነው በርበሬና ሽሮ ተሰፍሯል። ሚስትየዋ ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ ስንት እንጀራ እንደሚበቃ በጣቷ ቆጥራ ታውቀዋለች። ያ ሁሉ ወጪ ነው፤ ሆኖም ጠላውን "ደመወዝ" ያለው ሰው የለም። ጠላው ያልደረሰለት ገበሬ ደግሞ በሚመጣው ክረምት ብቻውን ያርማል። ደመወዝና መስተንግዶ የተለያዩ መሆናቸውን እኛ ያወቅነው ፋውንዴሽን ሳይፈጠር ነው።

የኢንተርኔቱ ደቦ ችግሩ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጠላ ይዞ መምጣቱ ነው። ቤቱ ተቀምጦ፣ በራሱ ስልክ፣ በራሱ የኢንተርኔት ጥቅል ነው የሚሠራው። ጠሪው ምንም ያወጣ አይመስልም፤ ወጪው በሃያ ኪስ ተበታትኖ ስለማይታይ። ስለዚህ በጀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሃያ ሰው የአራት ሳምንት የኢንተርኔት ጥቅል ሲሆን፣ እኔ "ይሄ ትክክለኛ ጠላ ነው" ብዬ አለፍኩት።

ሁለተኛው መስመር ላይ ግን ቆምኩ። "ብዙ ጽሑፍ ላስገባ ተሳታፊ የአንደኛ ደረጃ ሽልማት" ይላል።

"ይሄን አውጪው" አልኳት።

"መምህር፣ ሽልማት ከሌለማ ማን ይመጣል?"

"ሽልማቱ ይኑር፤ 'ብዙ' የምትለዋን ነው አውጪ ያልኩሽ።"

ምክንያቴን ልንገራችሁ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 አማርኛን ከሚተረጉማቸው ቋንቋዎች ውስጥ ካስገባ ወዲህ፣ አንድ ጎበዝ በአንድ ሌሊት አርባ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ገልብጦ ሊያስገባ ይችላል። ፊደሉ የኛ ነው፣ ሰዋስዉ የማንም አይደለም። ሽልማቱን ወስዶ ይሄዳል፤ አርባውን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ግን አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰማውን አስታውሳለሁ። ስኮትስ በሚባለው የስኮትላንድ ቋንቋ በተዘጋጀው ዊኪፔዲያ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎችን ያስገባው ቋንቋውን የማይችል አሜሪካዊ ወጣት ሆኖ ተገኘ። ገና በልጅነቱ ነው የጀመረው፤ ልጁ ክፋት አልነበረውም፣ በቅንነት ነው ሲለፋ የኖረው። ለዓመታት ግን "ይሄ የኛ ቋንቋ አይደለም" የሚለው አራሚ አልነበረም። የኛም ቤት ትንሽ ነው፤ አንድ ሰው ሊያበላሸው ይችላል።

ተከራከርን፣ ተከራከርን፣ በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ሽልማቱ ዘመቻው ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ ይሰጣል፤ የሚሰጠውም ምንጩን ከነገጹ ለጠቀሰና ጽሑፉ በሌሎች ታይቶ ለቆመለት። ሌላ ሽልማት ደግሞ የሰው ጽሑፍ በብዛት ላረመ። ይህኛውን እኔ ነኝ ያስገባሁት። አርትዖት የሚያስመሰግን ሥራ ሆኖ አያውቅምና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ይመስገን ብዬ ነው።

ከዚያ ወደ ታክሲው መጣን። ልጅቷ በጀቱ ውስጥ የታክሲና የፎቶኮፒ ገንዘብ አላስገባችም። "በኢንተርኔት ለሚደረግ ነገር ታክሲ ብዬ ብጽፍ አይስቁብኝም?" አለችኝ። የሚስቁ ከሆነ ይሳቁ! ስለ ስንዱ ገብሩ ልትጽፉ ተነሳችሁ እንበል። እ.ኤ.አ. በ1957 ለፓርላማ የተመረጡት፣ የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል፣ ከዚያም በፊት በ1942 ዓ.ም. "የልቤ መጽሐፍ"ን ያሳተሙት ደራሲ ናቸው። መጽሐፋቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት እስቲ። ወይ ወመዘክር፣ ወይ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሄዶ፣ ካርድ አውጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው። የድሮ ጋዜጦቻችንም እንደዚያው ወረቀት ላይ ናቸው። የለንደን ወይም የኒውዮርክ ሰው ሶፋው ላይ ተኝቶ ምንጭ ይጠቅሳል፤ የኛ ሰው ምንጭ የሚጠቅሰው ሁለት ታክሲ ይዞ ነው። ዊኪፔዲያ ምንጭ የሌለውን አይቀበልም፤ ስለዚህ እናቶቻችን እዚያ ያልገቡት ሳይጽፉ ቀርተው ሳይሆን፣ የጻፉት የታክሲ መንገድ ስላለው ጭምር ነው። ይህን በማመልከቻው ላይ በሦስት ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ አደረግኋት። ከሁሉም የምወደው ክፍል እሱ ነው።

ታክሲ ደረሰኝ አይሰጥም እንጂ! የወጣው ገንዘብ ማስረጃ ይፈልጋል፤ የሚኒባስ ረዳት ደግሞ እንኳን ደረሰኝ መልስም በልመና ነው። በቀንና በመንገድ የተመዘገበ የፊርማ ቅጽ ይሁን ብለን፣ ቅጹን ከማመልከቻው ጋር አያያዝነው። ቀድሞ መናገር ኋላ ከመንተባተብ ያድናል።

መጠባበቂያ የሚለው መስመር ብዙ አላከራከረንም። ገንዘቡ የሚታሰበው በዶላር፣ የሚወጣው በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ ዋዜማውን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ያን ጊዜ በዶላር ለያዘ ሰው ሲሳይ፣ በብር ላሰላ ሰው ራስ ምታት ነበር። ኢንተርኔቱም ራሱ ዋስትና የለውም። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም። እንዲያ ያለ ነገር ቢመጣ ዘመቻው ይራዘማል እንጂ ገንዘቡ አይበላም የሚል አንድ መስመር ጨመርን።

የመጨረሻው መስመር ነው ያስቸገረን። አራቱን ቅዳሜ የምትጠራው፣ የምታስተባብረው፣ በየምሽቱ ሃያ ሰው "አልገባኝም" እያለ የሚደውልላት እሷ ናት። ለራሷ ግን የስልክ ካርድ እንኳ አልመደበችም።

"ለራስሽስ?"

"ኧረ መምህር፣ ማመልከቻው በአደባባይ ነው የሚለጠፈው! ሁሉም ሰው ያነበዋል። 'ለራሷ ስትል ነው' ይሉኛል።"

እውነቷን ነው፤ ማመልከቻው እነማን ስንት እንደጠየቁ ከነዝርዝሩ ለዓለም ይታያል። እኛ ደግሞ ደመወዙን ለሚስቱ የማይናገር ወንድ የሞላብን አገር ነን። ይሁንና እድራችን ውስጥ ገንዘብ ያዡ ቆሞ፣ ለድንኳን ይህን ያህል፣ ለጡሩምባ ነፊው ይህን ያህል እያለ ሲያነብ አናፍርም። ጡሩምባ ነፊው የሚከፈለውን ሁሉም ያውቃል፤ "ለራሱ ሲል ነው የሚነፋው" ያለ አልሰማሁም።

ይህንን ነገርኳት፤ አላሳመንኳትም መሰለኝ። እኔንም አንድ ነገር ከነከነኝ። ደቦ የሚጠራው የማሳው ባለቤት ነው፤ እህሉ ጎተራው ስለሚገባ ጠላውን ይጠምቃል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ማሳ የማነው? የሁላችን ነው እንላለን። አራሙት ሲባል ግን ጌሾ ልትወቅጥ የወጣችው ይህች በደመወዟ ወሩን የማትዘልቅ አስተማሪ ናት፤ ለጠላው የሚሆነውን ገብስ ደግሞ ከሩቅ አገር እየለመነች ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ ማተሚያ ቤቶቻችን፣ መጽሐፍ እያስመረቅን በየሆቴሉ ግብዣ የምንደግሰው እኛ፣ አንድ ወር የሃያ ሰው ኢንተርኔት የሚያቅተን አይመስለኝም። የጠየቀን ስለሌለ ነው እንዳልል፣ ሁለት ቦታ ጠይቃ "ባነር ላይ ስማችን ይወጣል?" ተብላለች። በኢንተርኔት ለሚደረግ ደቦ ባነር የት ይሰቀላል?

ማመልከቻው ባለፈው ሳምንት ተልኳል። ለአስተባባሪ የስልክና የኢንተርኔት ወጪ የሚል መስመር በመጨረሻ ገብቶበታል፤ ከሁሉም ትንሹ ቁጥር ነው። እኔንም ሳታማክረኝ ከሃያዎቹ አንዱ አድርጋ መዝግባኛለች፤ የደረሰኝ ሥራ "የልቤ መጽሐፍ" ነው። ማክሰኞ ወደ ወመዘክር እሄዳለሁ። የታክሲውን ቅጽ ይዤ።